ሁለት ክምር ዕቃ

አንድ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ አውጥተን በሁለት እንክፈለው። በአንደኛው ወገን የቤቲቱ እመቤት በገዛ እጇ የሠራችው ይቀመጥ፤ መሶቡ፣ ሌማቱ፣ ሰፌዱ፣ እንቅቡ፣ ሙዳዩ። በሌላው ወገን ገበያ ተወርዶ ከሰው እጅ የተገዛው ይከመር፤ እንስራው፣ ጋኑ፣ ምጣዱ፣ ጀበናው፣ ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ኮርቻው፣ አቁማዳው። ሁለቱም ክምር ያምራል። ሁለቱም ያለ ማስመሪያና ያለ ንድፍ ወረቀት፣ በዓይን ልክ የተሠራ ነው። የመጀመሪያውን የሠራችውን ሴት ግን ባለሙያ ብለን እናሞግሳታለን፤ ልጇን ለልጃችን ፈልገን ሽማግሌ እንልካለን። የሁለተኛውን ሠሪዎች አያቶቻችን ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ሲሏቸው ኖረዋል። ጋብቻውማ አይታሰብም ነበር፤ ዛሬም ስንት ቀበሌ አለ የማይታሰብበት።

ይህን ልዩነት ለማስረዳት የሚቀርበው መልስ የተለመደ ነው፤ «እኛ እኮ የእጅ ሥራ የምንንቅ ሕዝብ ነን» ይባላል። በየስብሰባው ሲነገር ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አልተዋጠልኝም። የእጅ ሥራ የሚንቅ ሕዝብ ለአንድ መሶብ ወራት አይቀመጥም። ስፌት ግድግዳ ላይ ደርድሮ ለእንግዳ አያሳይም። ልጅ ሲድር የእናቲቱ ጭንቀት «ስፌቷ ሞልቷል ወይ?» አይሆንም።

የተናቀው በእጅ መሥራት ሳይሆን በእጅ ሥራ መኖር ነው። መሬት ያለው ቤተሰብ በትርፍ ጊዜው ያበጀው ጌጥ ሙያ ተባለ፤ መሬት የሌለው ሰው የዕለት ጉርሱን የሚያገኝበት ጌጥ ነውር ተባለ። ሰው በርስቱ በሚመዘንበት አገር ርስት የሌለው ምንም ቢጠበብ ከመጤ ይቆጠር ነበር። ነገሩ የመሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ አብሮ ባበቃ ነበር። አዋጁ ወጣ፣ መሬቱ ተደለደለ፣ ስድቡ ግን በቦታው ቀረ። ንቀት አንዴ ልማድ ከሆነ በኋላ የወለደው ምክንያት ቢሞትም በራሱ ይኖራል።

ስፌቱን ቀረብ ብለን እንየው፤ የምናከብረው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። መርዓዊ አካባቢ፣ ከቆጋ ግድብ በታች ባለ መንደር፣ አንዲት እናት መደብ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። አጠገባቸው ውሃ የያዘ ጣሳ አለ፤ አክርማው ደርቆ እንዳይሰበር እየነከሩ ያወጡታል። ስንደዶው ክረምቱ ሲወጣ ተነቅሎ፣ ደርቆ፣ ታስሮ የከረመ ነው። ጥቂት ዘለላ ሰብሰብ አድርገው ውስጡ ያደርጉታል፤ በላዩ አክርማውን ወይም ቀለም የተነከረውን አለላ ይጠመጥሙበታል፤ በወስፌ ያለፈውን ዙር ወግተው ጫፉን አሹልከው ስበው ያጠብቁታል። ከዚያ እንደገና። አንድ ዙር ሲሞላ መሶቡ ያደገው የአንዲት ጣት ውፍረት እንኳ አይሆንም። ቀይዋ የምትገባበት፣ አረንጓዴዋ የምትወጣበት ቦታ የተጻፈው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። በአንዱ ዙር የሳቱ እንደሆነ ወዲያው አይታይም፤ ሁለት ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ ኮከቡ ሲጣመም ነው የሚታወቀው። ያኔ መፍታት ነው።

ጎረቤታቸው ገቡ። ሰላምታው እንዳለቀ ክዳኑን አነሱና ፊቱን ትተው ውስጡን ገልብጠው አዩ።

«እሰይ እታለም፣ ውስጡም አልተንጨባረረ።» ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ቆጠሩ። «ይቺን ጥርስ ጥርሷን ከየት አመጣሻት?»

«ከእማሆይ ቤት አይቼ ነዋ። እሳቸው ጋ ሰፋ ትላለች፤ እኔ አጠበብኋት።»

በዚህች ወሬ ውስጥ አንድ ሙሉ የንድፍ ትምህርት ቤት አለ። መቅዳት አለ፣ የቀዱትን ማሻሻል አለ፣ ሂስ አለ፤ ሂሱም የሚጀምረው እንግዳ ከማያየው ወገን ነው። የሌለው የባለቤትነት ጥያቄ ብቻ ነው። መስመሯን እማሆይም የኔ ናት አይሉም፤ እሳቸውም ከሌላ ቤት አይተዋት ይሆናል። ጌጥ እዚህ አገር ከቤት ቤት የሚዞረው በዓይን ነው፤ ማንም አስፈቅዶ አይወስድም፣ ማንም ተወሰደብኝ አይልም። ይህን ነጻነት እወደዋለሁ። ከዚህ በታች ስለ ስም የምለው ሁሉ ይህን ሳልረሳ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ክምር እንመለስ፤ የት እንደምናስቀምጣቸው ያልወሰንናቸው ዕቃዎች አሉ። ጋቢው የየትኛው ነው? ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ ድርና ማጉን ያዘጋጀችው የቤቲቱ እመቤት ናት። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያመላለሰ ፈትሏን ሸማ ያደረገው ሸማኔው ነው። አገልግሉም እንዲሁ። ስፌቱን ሴቲቱ ትጨርስና ለቆዳ ሠሪው ትሰጠዋለች፤ እሱ የለፋ ቆዳ ከላይ ከታች ይለብጠዋል፣ ጠርዙን ይሰፋል፣ ማንገቻና ማሰሪያ ጠፍር ያወጣለታል። ቆዳው ካፊያና አቧራ ይመልሳል፤ ስፌቱ የእንጀራውን ላብ ይመጥጣል። ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው መንገድ ላይ ምሳውን እንደ ቤቱ የበላው በዚህ ነው። ያለ ቆዳ ሠሪው አገልግል በመጀመሪያው ዝናብ የሚበሰብስ ሣር ነው፤ ያለ ሴቲቱ ደግሞ ባዶ ስልቻ። ሁለቱ ሰዎች ግን አብረው የሠሩትን አገልግል ከፍተው አብረው አይበሉም ነበር። በዕቃችን ሁሉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር አላገኘሁም።

ቤተ ክህነቱም ከዚህ ንቀት አላመለጠም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በወንጌሉ ራስጌ ሐረግ የሚስለው ጸሐፊ፣ ገበታውን በቆዳ ለብጦ በጋለ ብረት የመስቀል ድጉስ የሚያወጣበት ሰው፣ ሲፈለግ ሊቅ ነበር፤ ጀርባውን ሲያዞር ጠንቋይ ይባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ሲያስነግሩ፣ ከብረት ሠሪውና ከሸማኔው ጋር ጸሐፊውንም አንስተዋል፤ የሚሳደብ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዋል። ስድብን በእስራት ለማጥፋት መሞከር ዛሬ የዋህነት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ንጉሡ ችግሩን የተረዱት ከብዙዎቻችን ቀድመው ነው እላለሁ። አገር በመሣሪያም በልብስም በመጽሐፍም የምትቆመው በእነዚህ ሰዎች እጅ መሆኑ ገብቷቸው ነበር።

ከባሕር ማዶ ምሳሌ ካስፈለገ ሀብታም ሳይሆን ደሃ የነበረ አገር ልጥቀስ። ኖርዌይ ዛሬ ነዳጅ ያበለጸጋት ናት፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ገበሬዋ በገፍ ወደ አሜሪካ የሚሰደድባት አገር ነበረች። ከዚያ በፊት፣ ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ፣ በቴለማርክና በሃሊንግዳል ሸለቆዎች የአበባና የሐረግ ቅብ በሣጥንና በገበቴ፣ በግድግዳና በጣሪያ ላይ እየሳሉ ከቤት ቤት የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። ሮሰማሊንግ ይሉታል። ከሠዓሊዎቹ መካከል መሬት የሌላቸው፣ ለምግብና ለማደሪያ የሚሠሩ ብዙ ነበሩ። የኛን ሸማኔ ያስታውሳሉ።  

እዚያ የሆነውና እዚህ ያልሆነው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ሴልቡ በምትባል የገጠር ደብር ማሪት ኤምስታድ የምትባል ልጅ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ያለበት ጥቁርና ነጭ የእጅ ሹራብ ሠርታ ቤተ ክርስቲያን አድርጋው ሄደች። ኮከቡን እሷ አልፈጠረችውም፤ ከእሷ በፊትም ነበረ። የሴልቡ ሴቶች ግን አይተው ቀዱት፣ አባዙት፣ ሸጡት፤ ዛሬ የአገሪቱ ምልክት ያህል ሆኗል። የልጅቱም ስም አልጠፋም። በ1876 ዋና ከተማቸው ላይ የጌጣጌጥ ጥበብ ቤተ መዘክር ተከፈተ፤ በ1891 የቤት ውስጥ የእጅ ሥራ ማኅበር ቆመ፤ በ1894 የገበሬ ቤቶችን ከነዕቃቸው የሚሰበስብ የሕዝብ ቤተ መዘክር ተቋቋመ። ይህ ሁሉ ከስዊድን ተለይተው በራሳቸው ንጉሥ ከመቆማቸው፣ ከ1905 በፊት ነው። መንግሥታቸው ሳይሟላ ሣጥናቸውንና ሹራባቸውን አስቀደሙ ማለት ነው።

ከዚያ የመጣውን አንድ ዕቃ ላንሳ። ፒተር ኦፕስቪክ የሚባል ነዳፊ ትንሽ ልጁ የሕፃናት ወንበር ሲጠበው፣ የትልቁ ወንበር ሲሰፋው አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 መቀመጫውና የእግር ማሳረፊያው ከፍ ዝቅ የሚል የእንጨት ወንበር ሠራ። ትሪፕ ትራፕ ይባላል። ጌጥ የሚባል ነገር የለውም፤ ልጁ ከወላጆቹ እኩል ማዕድ ላይ እንዲቀርብ ያደርጋል፣ ሲያድግ አብሮት ያድጋል። ይህን ሳስብ የራሳችን መሶብ ይመጣብኛል። መሶብ ክብ ነው፣ ራስና ግርጌ የለውም፣ በርጩማ ስቦ የመጣ ሁሉ ይቀርበዋል ብለን እንኮራበታለን። እውነት ነው። ግን በዚያ ክብ መሶብ ዙሪያ ታላላቆች ሲበሉ ልጅ ኩራዝ ይዞ ይቆም እንደነበረም ማንም የገጠር ልጅ አይረሳውም። የዕቃው ቅርጽ ሰዎችን እኩል አያደርግም፤ ዕቃውን የከበቡት ሰዎች ማን እንደሚቀመጥ አስቀድመው ወስነዋል።

እንግዲህ ስለ ዘመናዊው ዕቃ። ብዙ ጸሐፊ ፕላስቲክን ሲያነሳ ማልቀስ ይወዳል፤ እኔ ግን አላለቅስም። እንስራ ባዶውን ይከብዳል፤ አንዴ ከወደቀ ገል ነው። ቢጫው ጀሪካን ዘይት ይዞ ይገባል፣ ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፤ ቡሬ ላይ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ከተተከለ ወዲህ ደግሞ የዘይት ጀሪካን ለዚህ አገር ሰው የሩቅ ዕቃ አይደለም። ወንዝ ወርዳ፣ ዳገት ወጥታ በጀርባዋ ውሃ የምታመላልስ ሴት እንስራን ለመተው አንድ ቀን አላመነታችም። ስለ እንስራ ውበት የሚያንጎራጉሩት ውሃ ያልቀዱበት ናቸው። የሚታዘንላት እንስራዋ ሳትሆን እንስራ ሸጣ የምታድረው ሴት ናት፤ ለእሷ ምን ተተካላት ብሎ የጠየቀ የለም።

ለሸክላ ሠሪዋ የቀራት ጀበናና ምጣድ ነው። ምጣድ ደግሞ አስገራሚ ዕቃ ነው። አፈሩ ተለይቶ ይቆፈራል፣ ይደቅቃል፣ ይቦካል፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ይጠፈጠፋል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል፣ ደጅ ላይ በእበትና በጭራሮ ይተኮሳል። ገዢዋ ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር ካላሟሸችው እንጀራ አይነሳላትም። የመጨረሻውን ሥራ የምትሠራው ገዢዋ ናት፤ እንደ ጋቢው፣ እንደ አገልግሉ፣ ይህም የሁለት እጅ ነው። ከዚያ መብራት መጣ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ። ቆርቆሮውን አንሱትና ልቡን እዩት፤ ሽቦውን የታቀፈው ያው ሸክላ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ፣ ፎቅ ላይ በኤሌክትሪክ የሚጋገር እንጀራ የሚያርፈው ገበያ ዳር ተለይታ ስትቀመጥ በኖረችው ሴት ሙያ ላይ ነው።

የቆጋ ነገርም አለ። ግድቡ ወደ 7 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት ያጠጣል። ቀድሞ በጋ ከአውድማ በኋላ የሠርግ፣ የፈትልና የስፌት ወቅት ነበር፤ አሁን በመስኖው አካባቢ ሽንኩርት የሚነቀልበት፣ ድንች የሚኮተኮትበት ሌላ እርሻ ሆኗል። ያ ረጅም የሴቶች በጋ ተቆረሰ። አክርማና ስንደዶ የሚበቅሉበት የግጦሽ መሬትና የማሳ ዳርም ለሰብልና ለባሕር ዛፍ ሲለቀቅ ቆይቷል። በዚህ አልማረርም፤ ልጁ ትምህርት ቤት የገባው በሽንኩርቱ ዋጋ ከሆነ መሶቡ ይጠብቅ። ሴቶቹም አልተማረሩም። የማዳበሪያ ከረጢቱን ተረትረው ክሩን በአለላ ፋንታ ይጠመጥሙት ጀመር፤ ከገበያ የሚገዛውን ባለ ቀለም ክርም እንዲሁ። ከተሜ ገዢ ይህን ሲያይ «ኦሪጂናል አይደለም» ብሎ ያስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ባሕሉ በሕይወት ለመኖሩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም። አለላውም በዘመኑ ቀለሙ ከሱቅ የተገዛ ነበር።

ከአገር ውጭም አገር ውስጥም ይህን የእጅ ሙያ ሁሉ ወደ አዲስ ዕቃ የለወጡ ሰዎች አሉን። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ሶልሬበልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስታቋቁም መነሻዋ የጎጃም ገበሬም የሚያውቀው የጎማ በረባሶ ነበር። ኬንያ ተወልዶ ኢትዮጵያ ያደገው፣ አሜሪካ የሚኖረው ጆሞ ታሪኩ ሙቀጫን በርጩማ፣ የደብተራን መቋሚያ ወንበር፣ የኒያላን ቀንድ የወንበር መደገፊያ አድርጎ ነድፏል፤ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎርኤቨር» ፊልም ውስጥ ታይተዋል። ይኸው ሰው የታላላቅ የቤት ዕቃ ኩባንያዎችን ዝርዝር ቁጭ ብሎ ቆጥሮ፣ በጥቁር ነዳፊ ስም የሚሸጠው ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቁጣውም ልክ ነው። ግን ያንኑ ቆጠራ እኛም ቤት ብናደርገው ምን እናገኛለን? የዓለም ኩባንያ የጆሞን ስም ከመጻፉ በፊት እኛ የሙቀጫ ጠራቢውን ስም ጽፈን እናውቃለን?

አናውቅም። በየባህል ቤተ መዘክሩ መስታወት ሥር የሚነበበው ልማድ አንድ ነው፤ የዕቃው ስም፣ የብሔረሰቡ ስም፣ የቦታው ስም። ዕቃውን ሕዝብ የሠራው ይመስላል። ሕዝብ ግን እጅ የለውም፤ የሠራው አንድ ሰው ነው፣ ጀርባው ያመመው፣ ስሙ ተጠርቶ ሊመልስ የሚችል። «ባሕላችን ነው» ስንል ደስ የሚለን አንዱ ምክንያት፣ ሠሪውን ሳናመሰግን ሥራውን የኛ ማድረግ ስለሚያስችለን ይመስለኛል።

ስም ይጻፍ ሲባል መስመሩ ይታጠር ማለት እንዳይሆን እፈራለሁ። የእማሆይ ጥርስ ጥርስ መስመር በወረቀት ተመዝግባ ጎረቤት እንዳትቀዳት ከተከለከለች፣ ያ መደብ ላይ ያየነው ትምህርት ቤት ተዘጋ። ስለዚህ ሁለቱ ይለዩ። ንድፉ እንደ ጥንቱ የሁሉም ይሁን፤ ዕቃው ግን የሠሪው ስም ይኑረው፣ ገንዘቡም ወደ ሠሪው ይድረስ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ንድፍ የሚያስተምር ተቋም አለው። መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካ እንደሚልኩ ሁሉ አንድ ወቅት ወደ ሸማኔው ጉድጓድና ወደ ሸክላ ሠሪዋ እሳት ይላኳቸው፤ ሲመለሱም የቀዱትን ንድፍ ብቻ ሳይሆን የአስተማሪዎቻቸውን ስም ይዘው ይመለሱ። አንባቢ ደግሞ፣ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ብትወርድ ሸክላ ተራን ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ከገበያው ጫፍ ነው። ጀበናዋን ስትገዛ ዋጋ አትከራከራት። ስሟን ጠይቃት። ቤትህ እንግዳ ሲመጣና ቡናው ሲቀዳ፣ ጀበናዋ የማን ሥራ እንደሆነች በስሟ ንገረው።